የታዳጊዎች ተጨማሪ ገቢ፦ ከገና እስከ ፋሲካ

አንደኛ አቅራቢ፦ ከሊማሊሞ ዳገት ግርጌ ባለችው ድብ ባሕርም ሆነ በሌሎች የሰሜን ጎንደር ቀበሌዎች፣ ስልክ ለመግዛት የሚያስብ ታዳጊ ደመወዝ የሚከፍለው ቀጣሪ በአቅራቢያው እምብዛም ስለማያገኝ፣ ማድለብ፣ ማለትም የከሳ በግ ገዝቶና ቀልቦ መሸጥ፣ ቀዳሚ አማራጩ ይሆናል።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ትርፉ ግን በቀለቡ ብቻ ሳይሆን በወቅቱም ይወሰናል። ከገና ማግሥት ገበያው ረገብ ሲል የተገዛ በግ፣ አተላና ፋጉሎ፣ ማለትም ዘይቱ ከተጨመቀ ኑግ የሚቀረው ተረፈ ምርት፣ እየተቀለበ ሦስት ወር ያህል ቢቆይ፣ የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ሲፈታ ለፋሲካ ይደርሳል፤ ገዥም ወገቡንና ላቱን ዳሶ ሥጋ መያዙን ሲያረጋግጥ ደህና ዋጋ ይሰጣል።

አንደኛ አቅራቢ፦ መነሻ ገንዘብ የሌለው ታዳጊ ከዶሮና ከእንቁላል ሽያጭ ሊጀምር፣ ወይም ከጓደኞቹ ጋር እቁብ፣ ማለትም አባላት እኩል እያዋጡ ድምሩን በዕጣ ተራ በተራ የሚወስዱበት ማኅበር፣ ሊገባ ይችላል።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ተቀጥሮ መሥራትን የመረጠውን በተመለከተ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን መቅጠር ከልክሎ፣ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውን «ወጣት ሠራተኛ» በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ወይም ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትን ያግዳል። በቤተሰብ ግቢ ለሚሠራው ግን ልኩን የሚያበጀው ወላጅ ስለሆነ፣ ከትምህርት ገበታ የሚያስቀር ሥራ ምንም ያህል ቢያተርፍ ኪሳራ መሆኑን ቀድሞ ማስላት ይገባል።