የአጭር ምት ስሕተት፦ ምርመራውና እርማቱ

በኤረር በር ለሕዝብ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ



ወደ አዳራሹ ስገባ የዛሬውን ርእስ ከማስታወቂያው ላይ ያነበቡ አንድ አዛውንት አስቁመውኝ፣ «ልጄ፣ ለመሆኑ ሐረር ውስጥ ጎልፍ የት አለና ነው የምታስተምረን?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። በአገራችን ጎልፍ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በአዲስ አበባ አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ያለውን ሜዳ ነው። እኔም ጨዋታውን የተማርኩት ለዶክትሬት ትምህርቴ ውጭ አገር በነበርኩበት ጊዜ ሲሆን፣ ስመለስ ካመጣኋቸው ዕቃዎች አንዱ ዌጅ የሚባለው የአጭር ምት ዱላ ነበር። ለአዛውንቱ ግን የመለስኩላቸው፣ «አባቴ፣ ገና ተጫውተው ያውቃሉ?» ብዬ ነው። ፈገግ አሉ። ጫፉ በቆለመመ ዱላ መሬት ላይ ያለች ሩር መትቶ የሚያውቅ ሰው፣ የዛሬውን ጉዳይ ግማሽ በእጁ ያውቀዋል። ሩሯን ስቶ አፈር የዛቀ ደግሞ ከግማሽ በላይ ያውቀዋል።

በመጀመሪያ ችግሩን ልግለጽ። ጎልፍ ተጫዋች ከጉድጓዱ ሃያ ወይም ሠላሳ ሜትር ያህል ሲርቅ ኃይል አያስፈልገውም፤ ልጅም ሽማግሌም ያንን ርቀት ሊመታ ይችላል። ብዙ ሰው የሚዋረደው ግን እዚሁ ላይ ነው። ስሕተቱ በሦስት መልክ ይታያል። አንደኛው፣ ዱላው ከኳሱ በፊት መሬቱን ይመታና ኳሱ ጥቂት ርምጃ ሄዶ ይቆማል። ሁለተኛው፣ የዱላው የፊት ጠርዝ የኳሱን ወገብ ይመታና ኳሱ ዝቅ ብሎ እንደ ጥይት ከሜዳው ባሻገር ይወረወራል። ሦስተኛው ሻንክ የሚባለው ሲሆን፣ ኳሱ ዘንጉና የዱላው ራስ በሚገናኙበት አንገት ይመታና ወደ ጎን ያፈነግጣል።

የጎልፍ ኳስ ስፋት በደንቡ መሠረት ከ42.67 ሚሊ ሜትር አያንስም። ስለዚህ የኳሱ መካከል ከመሬት በላይ ያለው ከፍታ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከጥቂት ነው። የዱላው ጠርዝ በዚህች ሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ በክብርና በውርደት መካከል ያለው ልዩነት ነው ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። መሬት መዛቅና የኳሱን ወገብ መምታት ተቃራኒ ስሕተቶች ይመስላሉ፤ ብዙውን ጊዜ ግን የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ዱላው የሚጓዘው በቅስት ነው፤ ይወርዳል፣ ዝቅተኛ ነጥብ ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ ይወጣል። ዝቅተኛው ነጥብ ከኳሱ ኋላ ከሆነ፣ ዱላው ወይ እዚያው መሬት ይነክሳል፣ ወይም መሬቱን አምልጦ ወደ ላይ በመውጣት ላይ ሳለ የኳሱን ወገብ ያገኛል። አፈር የዛቀውን ሰው «ከፍ አድርገህ ምታ»፣ ወገቡን የመታውን ደግሞ «ዝቅ አድርገህ ምታ» ብሎ መምከር ስለዚህ አያድንም። ምልክቱ ይለወጣል፤ ሕመሙ ግን በቦታው ይቆያል።

ታዲያ ዝቅተኛው ነጥብ ወደ ኋላ የሚሸሸው ለምንድን ነው? ዋናው ምክንያት ኳሱን በእጅ አፍሶ ለማንሣት መሞከር ነው። ተጫዋቹ ኳሱ ከፍ እንዲል ይመኛል፤ ስለዚህ ክብደቱን ወደ ኋላ እግሩ ጥሎ አንጓውን እንደ ማንኪያ ይገለብጣል። ዱላው ግን ይህን ርዳታ አይፈልግም። ሳንድ ዌጅ የተባለው ዱላ ፊቱ 56 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብሎ የተሠራ ነው፤ ኳሱን ከፍ ማድረግ የእርሱ ሥራ ነው። የኛ ሥራ ወደ ኳሱ በትክክል ማድረስ ብቻ ነው።

የዱላው ታችኛው ወለልም የራሱ ብልሃት አለው። አሜሪካዊው ጂን ሳራዘን በ1930ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በዱላው ወለል ላይ ብረት አቅልጦ በመጨመር፣ የኋላ ጠርዙ ከፊት ጠርዙ ዝቅ እንዲል አደረገ፤ በዚያም ዱላ በ1932 የብሪታንያን ኦፕን ውድድር አሸነፈ። ባውንስ የሚባለው ይህ ቅርጽ ዱላው አሸዋና ለስላሳ ሣር ውስጥ እንዳይቀበር ያንሸራትተዋል። እንደ እኛ ባለ ደረቅና ጠጣር መሬት ላይ ግን ብዙ ባውንስ ያለው ዱላ ነጥሮ የኳሱን ወገብ ሊመታ ይችላል። በዚህ መሬት ላይ ባውንሱ አነስተኛ የሆነ፣ ፊቱም ያን ያህል ያልተንጋለለ ዱላ ይሻላል። ከመሬቱ ጋር የማይስማማ መሣሪያ ይዞ ራስን መውቀስም አንድ ስሕተት ነው።

አሁን ወደ ራሴ ስሕተት ልምጣ። ይህን ንግግር ለማቅረብ የተነሣሁትም በዚህ ምክንያት ነው።

ከዓመታት በፊት በማስተምርበት አንድ ተቋም፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ጥቂት ተማሪዎችን በደረቅ ሜዳ ላይ አጭር ምት አለማምድ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ትጉ ልጅ ኳሱን ደጋግሞ ወገቡን ይመታ ነበር። እኔም ለወራት፣ «ራስህን አታንሣ! ኳሱን ተመልከት!» እያልኩ እጮህበት ነበር። እርሱም አንገቱን እንደ ግንድ አደረቀ፤ ምቱ ግን ይብስ ተበላሸ። አንድ ቀን ዱላውን በአክብሮት በሁለት እጁ አስረከበኝና፣ «ጋሼ፣ እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ብሎ ሄደ። እኔም በልቤ አዎ፣ አልተፈጠረም አልኩ።

ከጊዜ በኋላ የዚያን ወቅት ልምምድ የያዘ የስልክ ቪዲዮ እጅግ አዝግሜ ስመለከት እውነቱን አየሁ። ልጁ ራሱን የሚያነሣው ኳሱ ከሄደ በኋላ ነበር። ዱላና ኳስ የሚነካኩት ግማሽ ሚሊ ሰከንድ ለሚያህል ጊዜ ነው፤ የእኔ ዐይን ከዚያ በኋላ የመጣውን አይቶ ምክንያት ብሎ ሰየመው። ከወገብ በታች ስመለከት ግን ክብደቱ ሁልጊዜ የኋላ እግሩ ላይ ነበር። ለሁለት ደቂቃ ያህል እግሩን አይቼ ቢሆን ኖሮ ወራት ሙሉ ስለ አንገቱ ባልጮህኩ ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ማንንም ከማረሜ በፊት መሬቱን እጠይቃለሁ። ምርመራው ቀላል ነው። በኖራ ወይም በአመድ መሬት ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይሰመራል። ተጫዋቹ ኳስ ሳያስቀምጥ መስመሩን በሁለት እግሮቹ መካከል አድርጎ ዐሥር ጊዜ ዱላውን ያወዛውዛል። ዱላው መሬቱን የነካበት ምልክት በመስመሩ ላይ ወይም ከመስመሩ አልፎ ወደ ዒላማው በኩል ከሆነ ደኅና ነው፤ ከኋላ ከሆነ ምክንያቱ ተገኘ። ቀጥሎ የዱላው ፊት በጠመኔ ይቀባል። ኳሱ ጠመኔውን ያነሣበት ቦታ ወደ አንገቱ የተጠጋ ከሆነ፣ ሻንክ እየመጣ ነው ማለት ነው።

እርማቱም ከምርመራው ይከተላል። ዝቅተኛው ነጥብ ወደ ኋላ ለሸሸበት ሰው፣ እግሮቹን አቀራርቦ፣ ከክብደቱ የሚበዛውን ለዒላማው በቀረበው እግር ላይ አሳርፎ፣ ኳሱን በመካከል አድርጎ ይቁም፤ እስከ ምቱ ፍጻሜም ክብደቱን ከዚያ አያንሣ። እጁን ከልክ በላይ ወደ ፊት አያስቀድም፤ ያ ባውንሱን አጥፍቶ ስለታሙን ጠርዝ ወደ መሬት ይተክለዋልና። ዱላውን ብዙ ወደ ኋላ ወስዶ ኳሱ ዘንድ ሲደርስ ለሚፈራና ለሚያዘገይ ሰው፣ የኋላውን ጉዞ አሳጥሮ ደረቱን ከእጁ ጋር ወደ ዒላማው ማዞር ይበጀዋል። ሻንክ ለሚመታ ደግሞ፣ ክብደቱ ወደ እግር ጣቶቹ እየተንሸራተተ እጁ ከሰውነቱ እንደሚርቅ ይመርመር፤ ከኳሱ ባሻገር አንድ ትንሽ ሣጥን አስቀምጦ ሣጥኑን ሳይነካ መምታት ይለማመድ።

ፍርሃትንም አልዘነጋም። ታይገር ዉድስ በ2005 በማስተርስ ውድድር በ16ኛው ጉድጓድ ከሜዳው ዳር የመታትን አጭር ምት ዓለም ያስታውሳታል። ያው ሰው በ2015 መጀመሪያ በፊኒክስ የአጭር ምት ነገር ጠፍቶበት፣ በሁለተኛው ቀን እስከዚያ ድረስ በሙያ ዘመኑ ካስመዘገበው ሁሉ የከፋውን 82 አስመዘገበ። በ2019 ግን ማስተርስን እንደገና አሸነፈ። ከዚህ የምረዳው፣ ስሕተት የመጣበትን ሰው «አልተፈጠረም» ለማለት መቸኮል እንደማይገባ ነው።

የጀጎል ግንብ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቁ አምስት በሮች አሉት። ከተማው ውስጥ እንግዳ ያየ ሰው በየትኛው በር እንደገባ ሳይጠይቅ መንገዱን ሊነግረው አይችልም። ስሕተትም እንዲሁ ነው። መምህራን ሆይ፣ ተማሪ ሲሳሳት መጀመሪያ የገባበትን በር እንፈልግ።

ያን ተማሪ በቅርቡ አገኘሁት፤ ዛሬ ሕፃናትን የስፖርት ትምህርት ያስተምራል። ስለ ቪዲዮው ነገርኩት፤ ይቅርታም ጠየቅሁት። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «እኔም ልጆቹን ራስህን አታንሣ እላቸዋለሁ፤ ከእርስዎ የተማርኩት ነው» አለኝ። በማግሥቱ ጠመኔና ኖራ ይዤ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ።