«ፈትሸነዋል፣ ይሠራል»፦ ስለ አንድ የተመለሰ ግራፊክስ ካርድ



አዘጋጆቹ ስለ መለኪያና ስለ ማስረጃ እንድናገር ሲጋብዙኝ፣ ከመጻሕፍት ይልቅ ከገዛ ቤቴ የወጣ ጉዳይ ይዤ መቅረብን መረጥሁ። ቤቴ ጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ሽሮ ሜዳ ነው። በሰኔ ወር 2016 ዓ.ም. አንድ ግራፊክስ ካርድ በራሴ ገንዘብ ገዝቼ ቤት ባለው ኮምፒውተሬ ላይ አስገጠምሁ። አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዬ በእጅ የተጻፈ የግእዝ ፊደልን የሚለይ ሞዴል እንዲያሠለጥንበት ነበር። ሻጩም የስድስት ወር ዋስትና ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ ሰጠኝ።

በሐምሌ ተማሪው ውጤቱ እንደሚበላሽበት ነገረኝ። ሥልጠናው ሦስትና አራት ሰዓት በደኅና ከሄደ በኋላ ቁጥሮቹ በድንገት ትርጉም ያጣሉ፤ ያንኑ ፕሮግራም ሲደግመው ደግሞ ስሕተቱ በሌላ ቦታ ይወጣል። «ኮድህን መርምር» አልሁት። መረመረ። አሁንም «ኮድህን መርምር» አልሁት። ሦስት ሳምንት እንዲህ አመላለስሁት፤ በመጨረሻም ዛሬ ሳስታውሰው የማፍርበትን ቃል ተናገርሁ፤ ጥንቃቄ የጎደለህ ተማሪ ነህ አልሁት። ምንም አልመለሰልኝም። በሳምንቱ ግን ያንኑ ፕሮግራም በጓደኛው ኮምፒውተር ላይ አሥር ጊዜ አስኪዶ፣ አሥሩም አንድ ዓይነት ውጤት የሰጡበትን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አኑሮ ሄደ።

ይህን የመሰለ ታሪክ በሙያችን አዲስ አይደለም። በ1994 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሊንችበርግ ኮሌጅ የሒሳብ ፕሮፌሰር የነበሩት ቶማስ ናይስሊ የመንትያ ብቸኛ ቁጥሮችን ተገላቢጦሽ ሲደምሩ ውጤታቸው አልገጥም አላቸው። አስቀድመው የጠረጠሩት የራሳቸውን ፕሮግራም ነበር። ሌላውን ምክንያት ሁሉ አንድ በአንድ እያስወገዱ ወራት ከፈጁ በኋላ ጥፋቱ በፔንቲየም ፕሮሰሰር የማካፈል ክፍል ላይ ተገኘ። ኢንቴል በመጀመሪያ አንድ ተራ ተጠቃሚ ይህን ስሕተት የሚያገኘው በ27,000 ዓመት አንድ ጊዜ ነው ብሎ ተከራክሮ ነበር፤ በታኅሣሥ ወር ግን ለጠየቀው ሁሉ ለመለወጥ ተስማማ፤ ወጪውም 475 ሚሊዮን ዶላር ሆነ። ናይስሊ መጀመሪያ የጠረጠሩት ራሳቸውን ነው፤ እኔ ግን የጠረጠርሁት ተማሪዬን ነበር።

ካርዱን ወደ ሱቁ ወሰድሁት። ባለሙያው ገጥሞ ስክሪኑ ሲበራ አሳየኝ፤ አንድ ጌም ለአሥር ደቂቃ ከፈተበትና «ዶክተር፣ ፈትሸነዋል፣ ይሠራል» አለኝ። ሳልቀበለው ስቀር ካርዱ ወደመጣበት ወደ ዱባይ ተላከ። ከአምስት ሳምንት በኋላም ያው መልስ መጣ፤ ችግር የለውም።

ማንም አልዋሸም። በጌም ላይ አንዲት ነጥብ ለቅጽበት ቀለሟን ብትስት ዓይን አያያትም። በሥልጠና ላይ ግን አንድ የተሳሳተ ቁጥር በሚቀጥለው ይባዛል፣ የሚቀጥለው በሌላው፤ ሁሉም ይበከላል። ለዳታ ማዕከል የሚሠሩት ካርዶች የሜሞሪ ስሕተትን የሚያርም ዘዴ አላቸው፤ ለተራ ገዥ የሚሸጡት አብዛኞቹ የላቸውም። ሙቀትም አለ። ዱባይ ከባሕር ጠለል እምብዛም ከፍ አትልም፤ ሽሮ ሜዳ ግን ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። እዚህ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ብርዳችንን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ እኔም ስቄ ነበር።

እንግዲህ ሥራው የእኛ ሆነ። ከአንድ ባልደረባዬ ሌላ ፓወር ሰፕላይ ተውሰን ሞከርን፤ ስሕተቱ አልቀረም። የእርሱን ካርድ በእኛ ኮምፒውተር ላይ ገጠምን፤ ሁለት ሌሊት ያለ እንከን ሠራ። የእኛን ካርድ በእርሱ ኮምፒውተር ላይ ስንገጥመው በአራተኛው ሰዓት ወደቀ። ክዳኑን ከፍተን በማራገቢያ ስናናፍሰው ዘገየ፤ ግን ወደቀ። ሙቀቱንና ሰዓቱን ተማሪው በሁለት ገጽ ሠንጠረዥ መዘገበው።

ሕጉንም አገላበጥሁ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሊጠይቅ እንደሚችል ይደነግጋል፤ የእኔ ካርድ ጉድለት የታየው ከዚያ በኋላ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ሻጩን ለጉድለት ዋስ ያደርገዋል፤ ገዥውንም መርምረህ ሳትዘገይ አስታውቅ ይለዋል። ተማሪዬን ስወቅስ ያባከንኋቸው ሦስት ሳምንታት እዚህ ላይ ዋጋ አላቸው። በዚያ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ገንዘብ ቢመለስልኝ ካርዱን አይገዛልኝም፤ ሻጩም ልለውጥ ቢል በአዲሱ ዋጋ ያስመጣል። ስለዚህ «ይሠራል» ማለት ለእርሱ፣ «አይሠራም» ማለት ለእኔ የሚጠቅምበት ጊዜ ነበር። የሁለታችንም ቃል በቂ ምስክር ሊሆን አይችልም ነበር።

ሁለቱን ገጾች ይዤ ተመለስሁ። ባለሱቁ በጥሞና አነበባቸው፤ ፕሮግራማችንንም ተቀብሎ ካርዱን ሌሊቱን ሙሉ እዚያው አሠራው። በማግስቱ ጠዋት ደወለልኝ፤ «ዶክተር፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ወድቋል፤ እኔም አየሁት።» ተመሳሳይ ካርድ ስላልነበረው አነስ ያለ ሜሞሪ ያለው ሰጠኝ፤ ተቀበልሁ።

ተማሪዬን ይቅርታ የጠየቅሁት ግን ይህ ስልክ ከመደወሉ በፊት ነው፤ የእርሱ ወረቀት በራሱ በቂ ማስረጃ ነበርና። በአዲሱ ካርድ ላይ እንዲገባ ሞዴሉን አሳንሶ ጨረሰ። የመመረቂያ ጽሑፉን ሲያቀርብ የካርዱን የሙከራ ሠንጠረዥ በአባሪነት አስገብቶት ነበር። የውጭ ፈታኙ ይህ ለምን እንዳስፈለገ ሲጠይቁት፣ ጥቂት ዝም ብሎ «ዶክተር ያውቃሉ» አለና ወደ እኔ ተመለከተ። ቀሪውን እኔ አስረዳሁ።