ለሌላው ነፋስ የሚመክት ቢስክሌተኛ



ከባሕር ዳር ተነሥቶ የዓባይን ድልድይ በመሻገር በጎንደር መንገድ የሚጓዝ ሰው 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ሐሙሲትን ያገኛል። ስሟ እንደሚያስረዳው የሐሙስ ገበያ ከተማ ናት። በባሕር ዳር ቢስክሌት ከእግር ጫማ ባልተለየ የተለመደ ነገር ስለ ሆነ፣ እዚያ በጸሐፊነት በምሠራበት ጊዜ እኔም አንድ አሮጌ ቢስክሌት ነበረኝ። አንድ ሐሙስ የበዓል ቀን ሆኖ መሥሪያ ቤት ስላልነበረ፣ ከአንድ ባልደረባዬ ጋራ ገበያውን ለማየት ሄድን። ስንመለስ ከጣና የሚነሣው የከሰዓት በኋላ ነፋስ ፊት ለፊት ገጠመንና እኔ ዛልሁ። ባልደረባዬም «ከኋላዬ ተጠጋ» አለኝና ቀደመ። ከጀርባው እንደ ገባሁ ነፋሱ ጋብ አለልኝ፤ እግሬም ቀለለ። ከተማ ስንገባ እኔ ለሰላምታ ሰጪው ሁሉ ጨዋታ ሳበዛ፣ እርሱ ግን ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጦ ቃል ሳይተነፍስ አምቦ ውሃ ይጠጣ ነበር።

ያ ባልደረባዬ በዚያች ሰዓት የሠራው ሥራ በሌላው ዓለም ደመወዝ የሚከፈልበት ሙያ መሆኑን የተረዳሁት ከብዙ ዘመን በኋላ፣ የጽጋቡ ግርማይን የውድድር ታሪክ በተከታተልሁ ጊዜ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፊት የሚነዳ ሰው አየሩን በደረቱ ይከፍላል፤ ከኋላው ተጠግቶ የሚከተለው ግን ከጉልበቱ ከመቶ 30 እጅ ያህል ሊቆጥብ ይችላል። በክብ ሜዳ በሚደረገው የቡድን እሽቅድምድም አራት ሰዎች በየተራ ፊት እየሆኑ ይህን ሸክም ይካፈሉታል። በመንገድ ላይ በሚደረገው ረጅም ውድድር ግን ሸክሙ የሚወድቀው በረዳቶቹ ላይ ነው። ረዳት ለአለቃው ነፋስ ይመክታል። ከኋላ ወደሚከተለው መኪና ተመልሶ የውሃ ኮዳዎችን በጀርባ ኪሱና በሸሚዙ ውስጥ አጭቆ ይመጣና ለጓደኞቹ ያድላል። ያመለጡ ተቀናቃኞችን እየተከተለ ያሳድዳል። የአለቃው ጎማ ቢፈነዳ የራሱን ጎማ ፈትቶ ይሰጣል። ዳገቱ ሲጀምር ጉልበቱ ያልቅና ወደ ኋላ ይቀራል፤ በዚያ ቀን መዝገብም ስሙ ከመቶኛው በታች ይጻፋል።

ፈረንሳዮች ይህን ሰው «ዶሜስቲክ» ይሉታል፤ የቤት አሽከር ማለት ነው። ቃሉ ሲጀመር ስድብ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በአገራችን አቆጣጠር እናገራለሁ።) በ1903 ዓ.ም. የፈረንሳይ ዙሪያ ውድድር መሥራችና ጋዜጠኛ የነበረው አንሪ ዴግራንዥ፣ ሞሪስ ብሮኮ የተባለው ተወዳዳሪ ሌላውን በመርዳቱ ተቆጥቶ በዚህ ስም ጠራው። ብሮኮም ተናድዶ በማግስቱ የቀኑን ውድድር አሸነፈ። ዳኞቹ ግን ጭራሹን አሰናበቱት። ስድቡ ዛሬ የሙያ ስም ሆኖ ቀርቷል።

ወደ አገራችን እንመለስ። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ሲሆን፣ ከተላኩት 12 ስፖርተኞች አራቱ ቢስክሌተኞች ነበሩ፤ እነርሱም ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ፀሐዬ ባሕታና ንጉሤ መንግሥቱ ናቸው። ኅዳር 28 ቀን በተደረገው ከ187 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነው የመንገድ ውድድር ኢጣሊያዊው ኤርኮሌ ባልዲኒ ብቻውን አምልጦ አሸነፈ። አቶ ገረመው ከመጀመሪያዎቹ 30 ሰዎች መካከል ገቡ፤ የሦስት ሰዎች ደረጃ ተደምሮ በሚሰጠው የቡድን ውጤትም አገራችን 9ኛ ሆነች። ከዚያው ጓድ ውስጥ የነበረውን ሯጩን ማሞ ወልዴን፣ በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ማራቶን ስላሸነፈ፣ ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። አራቱን ቢስክሌተኞች ግን ማን ያስታውሳቸዋል?

ጽጋቡ ግርማይ በ1983 ዓ.ም. በትግራይ ተወለደ። በ2004 ዓ.ም. ኤም ቲ ኤን ኩቤካ ከተባለው የደቡብ አፍሪቃ ቡድን ገባ፤ በተከታዩም ዓመት በታይዋን ዙሪያ ውድድር የአንዱን ቀን ድል ለራሱ ወሰደ። በ2007 ዓ.ም. ላምፕሬ ሜሪዳ የተባለው የኢጣሊያ ቡድን ወሰደውና በዓለም ከፍተኛ ደረጃ ከሚወዳደሩት ጋራ ተሰለፈ። ሰኔ 25 ቀን 2008 ዓ.ም. የፈረንሳይ ዙሪያ ውድድር ከሞን ሳን ሚሼል ሲጀመር፣ ከ198ቱ ተወዳዳሪዎች አንዱ እርሱ ነበር። ከ3,500 ኪሎ ሜትር በሚበልጠው በዚያ ውድድር ኢትዮጵያዊ ሲሰለፍ ያ የመጀመሪያው ነው። ከአንድ ዓመት በፊት ኤርትራውያኑ ዳንኤል ተክለሃይማኖትና መርሃዊ ቁዱስ በሩን ከፍተውት ነበር።

ከዚያ በኋላ ባሕሬን ሜሪዳ፣ ቀጥሎም ትሬክ ሴጋፍሬዶ ቀጠሩት። በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ በፈረንሳይ ዙሪያ በሁለተኛው ቀን ጽኑ የሆድ ሕመም ይዞት አቋረጠ፤ የዓመት ሙሉ ዝግጅት በአንድ ከሰዓት በኋላ ቀረ። በ2011 ዓ.ም. ያስጠጋው ቡድን የአውስትራሊያ መሆኑ ለእኔ ልዩ ስሜት ይሰጠኛል፤ የሜልቦርኖቹ አራት ሰዎች በእንግድነት የረገጡት አገር ነውና።

በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲነሣ የስልክ መሥመር ተቋርጦ፣ ወላጆቹ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ሳያውቅ በአውሮፓ መንገዶች ላይ ለሌላ ሰው ነፋስ ይመክት ነበር። ይህን ራሱ ለጋዜጠኞች ተናግሯል። ልብ እንዲህ ተከፍሎ ሳለ እግር እንዴት እንደሚታዘዝ የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው።

ከአውስትራሊያው ቡድን ጋራ የነበረው ውል በ2015 ዓ.ም. ሲያበቃ፣ በከፍተኛው ደረጃ ለስምንት የውድድር ዘመናት ሠርቶ ነበር። በዚያ ደረጃ ለራሱ አንድም ድል አላስመዘገበም። የእኛ ሰው «ስንተኛ ወጣ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን ሲሰማ ፊቱን ያዞራል። እኔ ግን እናንተ በየመሥሪያ ቤቱ የምትገኙ አድማጮቼ ነገሩን ከማንም ይልቅ እንደምታውቁት እገምታለሁ። ደብዳቤውን ሌሊት ያረቀቀው ጸሐፊ ስም ከፊርማው በላይም በታችም አይታይም። ደብዳቤው ግን ይሄዳል። አምስት የውጭ አገር ቡድኖች በየተራ ደመወዝ የቆረጡለት በቸርነት አልነበረም፤ ሌሎች ከጀርባው ሆነው ጉልበታቸውን ስለሚቆጥቡ ነው።

በሐሙሲት መንገድ ዛሬም ቢስክሌት ይነዳል፤ የሚጫነው ግን የገበያ ዕቃ ነው። አንድ ጎበዝ ልጅ ከጭነቱ ጋራ ዳገቱን እንደ ቀልድ ሲወጣው፣ ጉልበቱን በሰዓት ለክቶ ስሙን የሚመዘግብ ሰው በአጠገቡ ባይኖር ምን ይደረግ ይሆን?

ያን ባልደረባዬን በቅርቡ አገኘሁትና የዚያን ዕለት ውለታ አነሣሁለት። ከናካቴው አላስታወሰውም። እኔ ግን አስታውሳለሁ፤ የዚያን የአምቦ ውሃ ዋጋ እንኳ የከፈለው እርሱ ነበር።