ኩፖንም ገንዘብ ነው
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ፋሲካ እየቀረበ ስለሆነ ዛሬ ስለ ስጦታ ኩፖን እንነጋገራለን። ትልልቆቻችን ኩፖን ሲባል የደርግ ዘመን የቀበሌ ሱቅና ተለክቶ የሚታደለው ስኳር ትዝ ይላቸው ይሆናል። የዛሬው ሌላ ነው። ሰጪው ለሱፐርማርኬቱ ገንዘቡን አስቀድሞ ይከፍላል፤ እኛ በወረቀቱ ላይ በተጻፈው ብር ልክ ዕቃ እንወስዳለን።

ባለፈው በዓል ለእያንዳንዳችን የ1,000 ብር ኩፖን ደርሶን ነበር። ከበዓሉ በኋላ ስንተሳሰብ ያየነው ግን አሳዘነን። አንዷ እህታችን ሱፐርማርኬት መግባት ከብዷት ኩፖኑን በ800 ብር ሸጠችው። ሌላዋ የ870 ብር ዕቃ ወስዳ ቀሪውን ስትጠይቅ «ኩፖን መልስ የለውም» ተባለች። አንዲት እናታችን ደግሞ ከእንጦጦ እስክትወርድ ብላ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣው ቀኑ አለፈበት። 200፣ 130 እና 1,000 ሲደመር፣ ከሦስት ቤት ብቻ 1,330 ብር ጠፋ። ቅጠል ተሸክሞ ከእንጦጦ የወረደ ጀርባ ይህ ስንት ሸክም እንደሆነ ያውቃል።

ስለዚህ ዘንድሮ እንዲህ እናድርግ።

አንደኛ፣ ኩፖኑን በተቀበልንበት ዕለት እስከ መቼ እንደሚሠራ፣ በየትኛው ቅርንጫፍ እንደሚሠራና መልስ እንዳለው እንጠይቅ። ማንበብ ለሚያስቸግራት ጎረቤቷ ታንብብላት።

ሁለተኛ፣ አስቀድመን በሾላ ገበያና በሸማቾች ሱቅ ዋጋ እንጠይቅ። በኩፖኑ የምንገዛው ሁልጊዜም የምንገዛውንና ቶሎ የማይበላሸውን ይሁን፤ ዘይት፣ ሳሙና፣ መኮሮኒ። ያን ጊዜ ለዘይት የያዝነው ጥሬ ብር ለሽንኩርትና ለዶሮ ይተርፋል። «ነፃ ነው» ብለን ብስኩትና ጭማቂ ከሞላንበት ግን ከኪሳችን የዳነ ብር የለም።

ሦስተኛ፣ ሦስት አራት ሆነን እንሂድ። የአንዷ ዕቃ 870 ብር ላይ ከቆመ ሌላዋ የ130 ብር ዕቃ ትጨምርበትና ገንዘቡን ለባለኩፖኗ ትሰጣለች። ዕቁብ ለምንጥል ሴቶች ይህ ሒሳብ አይከብደንም።

አራተኛ፣ የሞባይል ካርድም እንዲሁ ነው። ፍቀን የምናገኘው ቁጥር ራሱ ገንዘብ ነው። «ሽልማት ደርሶሻል፣ የካርድ ቁጥር ላኪ» ብሎ ለሚደውል ሰው አንስጥ።

ደጋፊዎቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። ኩፖን ስትገዙልን ከአንድ ባለ1,000 ይልቅ አምስት ባለ200 ይሁንልን። ሱቁም ለመገናኛ ወይም ለኮተቤ የቀረበ ይሁን። ብዙ ስለምትገዙ ቅናሽ ጠይቁበት። ከተቻለ ደግሞ ገንዘቡን ራሱን ስጡን። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ጀምሮ አለ፤ በስልክ የገባ ብር ቀን አያልፍበትም፣ ቅርንጫፍም አይመርጥም። ይህን የምንለው ምስጋና አንሶን ሳይሆን ስጦታችሁ መንገድ ላይ ሳይሸራረፍ እንዲደርስ ብለን ነው።

እህቶች፣ ከበዓሉ በኋላ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እንደምራለን። ያን ቀን የጠፋው ድምር ዜሮ እንዲሆን እንመኛለን።