ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት

ከሚዛን ተፈሪ በጀሙ አድርጎ ወደ ማጂ የሚሄድ ሹፌር ሞተር ከማስነሳቱ በፊት ያማትባል። ሙስሊሙ «ቢስሚላህ» ብሎ መሪውን ይጨብጣል፣ ፕሮቴስታንቱም አንገቱን ደፍቶ ይጸልያል። ክረምት ላይ ቡና የጫነ አይሱዙ ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ፣ ረዳቱ ድንጋይ ታቅፎ ወደ ኋላ ጎማ ሲሮጥ፣ ተሳፋሪው ሁሉ እንደየእምነቱ ይማጸናል። ይህን ጸሎት እወደዋለሁ። መሪ የያዘን እጅ ሲያረጋጋ አይቻለሁ።

ቁልቁለት ላይ ግን ጸሎቱ ከእግራችን ጋር መስማማት አለበት። ፍሬን ሳይለቀቅ ተረግጦ ሲቆይ ሸራው ይግላል፤ ሲብስም የፍሬኑ ዘይት ይፈላና ፔዳሉ ባዶውን ይወርዳል። ስለዚህ ገና አናቱ ላይ ሳለን ከባድ ማርሽ፣ አንደኛ ወይም ሁለተኛ፣ አስገብቶ መኪናውን ለሞተሩ ማስያዝ ነው። የተቃጠለ ሸራ ከሸተተ ዳር ይዞ መቆም፣ ጎማው ሥር ታኮ አድርጎ እስኪበርድ መጠበቅ። ተሳፋሪ ቢያጉረመርምም አትቸኩሉ፤ ያ ጊዜ ለዳዊትም ለዱአም ይበቃል።

ዛሬ ጠዋት መናኸሪያ ያላችሁ ሹፌሮች፣ የፍሬን ዘይታችሁን አያችሁ? እግዚአብሔር መንገዳችሁን ያቅናላችሁ።