ዶሮ አትጾምም፦ የዶሮ እርባታ ቡድናችን ለጉባኤው ያደረገው ንግግር

ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ ትል ነው። ፊታችሁን አታጨማድዱ፤ ምሳ ከንግግሩ በኋላ መሆኑን እናውቃለን።

በዐቢይ ጾም 55 ቀን የእንቁላል ገበያ ይቀዘቅዛል። ዶሮ ግን አትጾምም። ወደ ሣጥናችን የሚገባው ሲቀንስ ለፋጉሎና ለፉርሽካ የምናወጣው አይቀንስም። ሁዳዴን መዝለቅ አቅቷቸው ዶሮዎቻቸውን የሸጡ እህቶች አሉን፤ ዶሮው ሄዶ ብድሩ ቀረ።

እናቶቻችን መኖ ገዝተው አያውቁም። የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ አሸን ሲወጣ ዶሮው ይጠግባል። ፍግ ሲገለበጥ ነጩን እጭ ለመልቀም ከአካፋው ቀድማ የምትደርሰው ዶሮዋ ናት። ዛሬ ዶሮዎቻችን ታጥረው ስለሚውሉ እጩን እኛ ማቅረብ አለብን።

የመረጥነው ብላክ ሶልጀር ፍላይ የምትባለውን ጥቁር፣ ተርብ የምትመስል ዝንብ ነው። ዘሩን ከሚያረቡ ሰዎች ወሰድን። ካደገች በኋላ በእጭነቷ ባጠራቀመችው ስብ ስለምትኖር እንደ ቤት ዝንብ ማዕድ አትወርም። እጩ ግን ሆዳም ነው፤ የድንች ልጣጭ፣ የተበላሸ ማንጎ፣ የጠላ አተላ አይመርጥም። ሙቀት ካገኘ በ2 ወይም በ3 ሳምንት ይደርሳል። ሲደርስ ይጠቁርና ደረቅ ቦታ ፍለጋ ራሱ ከመብሉ ይወጣል። በርሜሉ ውስጥ ጣውላ አዘንብለን ስለምናስገባ በዚያ ወጥቶ ባልዲው ውስጥ ይወድቃል። ለቀማ የለም! የፈላ ውኃ አፍስሰንበት ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን። የደረቀው እጭ 40 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ስለሆነ የፋጉሎውን ቦታ ይይዛል፤ በቆሎውና ፉርሽካው ግን ይቀጥላል። ሥጋ በርሜሉ ውስጥ አይግባ። ኬሚካል ከተረጨበት ማሳ የተለቀመ ፌንጣም ለዶሮ አይሰጥ፤ በ2012 ዓ.ም. አንበጣ ሲወር ስንት ቦታ እንደተረጨ ታስታውሳላችሁ።

ከዚሁ ጋር የመሬት ትል እናረባለን። የከብት ፍግ ጥላ ሥር ከምረን እርጥብ ጆንያ ማልበስ ነው፣ ሌላ ጣጣ የለውም። ገዢዎቻችን ጣና ላይ በመንጠቆ የሚያጠምዱ ልጆች ናቸው፤ አምባዛ ትል አይንቅም። በጾም ዓሣ ፈላጊ ይበዛል (ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ለአባቶች እንተወው)። እንቁላሉ ሲቀዘቅዝ ትሉ ይፈለጋል ማለት ነው። በተበሳ ቆርቆሮ ውስጥ እርጥብ አፈር አድርገን በሕይወት እንሸጥላቸዋለን።

ደጋፊዎቻችን፣ ስንት ኩንታል መኖ እንደምንፈልግ ጠይቃችሁናል። ስለ አሳባችሁ እናመሰግናለን፤ ግን መኖው ሁዳዴ ሳይጋመስ ያልቃል። በእሱ ፋንታ ክዳን ያላቸው በርሜሎች፣ የወንፊት ሽቦና ለአዲሶቹ አባላት አሠልጣኝ ብትሰጡን እንመርጣለን። እህቶች፣ መሞከር የምትፈልጉ ከቡና በኋላ ተመዝገቡ። መንካት የሚቀፋት ካለች ጓንት አለን።