ከቋሚ ሥራ ስለ መውጣት፤ የመምህሩና የተማሪው ሁለት መንገድ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተሰማ ንግግር)



በመሐንዲሶች ስብሰባ ላይ ስለ ብረት ጥንካሬ፣ ስለ ውሃ ፍሰት ወይም ድልድይ ስለሚሸከመው ክብደት መናገር የተለመደ ነው። ስለ መሐንዲሱ ስለ ራሱ፣ ይኸውም የሌላውን ሸክም ሁሉ አስልቶ የራሱን ኑሮ ሸክም ሳያሰላ ስለሚቀረው ሰው መናገር ግን እምብዛም አልተለመደም። የዛሬው ንግግር የሚያተኩረው በዚሁ ላይ ነው። ደመወዙ በየወሩ የሚደርሰው፣ ጡረታው የተጠበቀለት፣ ማዕረጉ የታወቀለት ባለሙያ፣ ዕውቀቱንና ችሎታውን ወደ ላቀ ደረጃ ለማድረስ ሲል ያንን ቋሚ ሥራ ትቶ ወደማያውቀው መንገድ ቢወጣ ልክ ነውን? ቢወጣስ ምን ይዞ መውጣት ይገባዋል?

ጥያቄው በኢትዮጵያ ምድር ቀላል ጥያቄ አይደለም። የአንድ መሐንዲስ ደመወዝ ብዙውን ጊዜ የአንድ ሰው ደመወዝ አይደለም። እናትና አባት ይጦሩበታል፤ ታናናሽ እኅትና ወንድም ይማሩበታል፤ ዕቁቡና ዕድሩም ይከፈልበታል። ስለሆነም ደመወዙን የሚተው ሰው የራሱን ብቻ ሳይሆን የሌሎችንም እንጀራ አብሮ ለአደጋ ያጋልጣል። ወኔ ያለው ይውጣ፣ ወኔ የሌለው ይቀመጥ ብሎ በደፈናው መፍረድ ከዚህ የተነሣ ትክክል አይሆንም። ነገሩን በምሳሌ መመርመር ይሻላል።

ምሳሌ የሚሆኑት ሁለት ጀርመናውያን መሐንዲሶች ናቸው፤ አንደኛው መምህር፣ ሁለተኛው የእርሱ ተማሪ። ሁለቱም የተደላደለ ሥራ ነበራቸው፤ ሁለቱም ትተውት ወጡ፤ ሁለቱም ዓለምን የለወጠ መሣሪያ ሠርተው አለፉ። ፍጻሜያቸው ግን እጅግ የተራራቀ ነው። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መምህሩ ካርል ሊንደ ይባላል። በ1842 ዓ.ም. ተወልዶ፣ ገና በሠላሳ ዓመቱ በሙኒክ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ሙሉ ፕሮፌሰር ለመሆን የበቃ ሰው ነው። በዚያ ዘመን በጀርመን አገር ከፕሮፌሰርነት የበለጠ የተከበረና የተረጋጋ ሥራ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። ሊንደ ግን ከሰሌዳው ፊት ቆሞ የሚያስተምረው የሙቀት ሕግ በሥራ ላይ ሲውል ማየት ይፈልግ ነበር። የዚያን ጊዜ ቢራ ጠማቂዎች ጓዳቸውን የሚያቀዘቅዙት በክረምት ከሐይቅ ላይ ተቆርጦ በተጠራቀመ በረዶ ነበር፤ ክረምቱ ሳይበረታ የቀረ እንደሆነ በረዶው ያልቃል፣ ቢራውም ይበላሻል። ሊንደ ቅዝቃዜን በመሣሪያ ለመፍጠር የሚቻልበትን መንገድ አስልቶ ጽሑፉን አሳተመ። ጠማቂዎቹም ጽሑፉን አይተው ፈለጉት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ሊንደ ጽሑፉ እንደ ታተመ ሥራውን አልለቀቀም። ፕሮፌሰርነቱን እንደ ያዘ የመጀመሪያውን መሣሪያ በአውግስቡርግ ከተማ የማሽን ፋብሪካ አሠርቶ በአንድ የሙኒክ ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ሞከረው። ጉድለቱን አየና ሁለተኛውን በአሞኒያ የሚሠራ አድርጎ አሻሻለው። አሞኒያው በኮምፕሬሰር ይጨመቃል፤ ሙቀቱን ለውሃ ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ከዚያም ግፊቱ ሲቀንስለት እንደ ገና ሲተን በአካባቢው ያለውን ሙቀት ይወስዳል። ይህ መሣሪያ ገዢ ካገኘና መሥራቱ በዓይን ከታየ በኋላ ነው ሊንደ በ1879 ዓ.ም. ከፕሮፌሰርነቱ ተሰናብቶ ከጥቂት ባለ ገንዘቦችና ከአውግስቡርጉ ፋብሪካ ኃላፊ ከሃይንሪሽ ቡትስ ጋር በመሆን የራሱን የቅዝቃዜ መሣሪያዎች ኩባንያ ያቋቋመው። የሥራ መልቀቂያው የተጻፈው በስድስት በሰባት ዓመት የሙከራ ሥራ ላይ ቆሞ ነው።

ተማሪው ደግሞ ሩዶልፍ ዲዝል ነው። ስሙ በኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም፤ እህል የሚፈጨው የገጠር ወፍጮ፣ ውሃ የሚስበው ፓምፕ፣ ጭነት እስከ ወደብ የሚያደርሰው መኪና፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሣው ጄኔሬተር ለብዙ ዘመን የሠሩት በእርሱ ሞተር፣ ያውም በናፍጣ ነው። ዲዝል በ1858 ዓ.ም. በፓሪስ ከጀርመናውያን ወላጆች ተወለደ። በ1870 ዓ.ም. በፈረንሳይና በፕሩሲያ መካከል ጦርነት ሲነሣ ቤተሰቡ ከፈረንሳይ ወጥቶ ወደ ለንደን ተሰደደ፤ እርሱም በልጅነቱ ወደ አውግስቡርግ፣ ወደ ዘመድ ቤት ተላከ። ድኽነትንና ስደትን ቀምሶ ያደገ በመሆኑ የቋሚ ደመወዝን ዋጋ ከሌላው ይበልጥ ያውቅ ነበር ማለት ይቻላል።

በሙኒክ ሲማር ከሊንደ ትምህርት አንድ ነገር በልቡ ተቀረጸ። የእንፋሎት ሞተር ከሚቃጠለው ከሰል ሙቀት ወደ ሥራ የሚለውጠው ከመቶ አሥር እጅ ያህሉን ብቻ ነው፤ የቀረው ዘጠና እጅ በከንቱ ይባክናል። ፈረንሳዊው ሳዲ ካርኖ በ1824 ዓ.ም. ያሳየው ሕግ ግን ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ትርፍ እንደሚቻል ያመለክታል። በሁለቱ መካከል ያለውን ሰፊ ክፍተት ማጥበብ የወጣቱ የዕድሜ ልክ ሐሳብ ሆነ።

ትምህርቱን በ1880 ዓ.ም. በከፍተኛ ውጤት እንደ ፈጸመ መምህሩ በፓሪስ በሚሠራው የበረዶ ፋብሪካ ቀጠረው፤ ብዙም ሳይቆይ ኃላፊ አደረገው። አግብቶ ሦስት ልጆች ወለደ። በትርፍ ጊዜው ለዓመታት በአሞኒያ እንፋሎት የሚንቀሳቀስ ሞተር ለመሥራት ሞከረ፤ አልተሳካለትም። በ1890 ዓ.ም. ለሊንደ ኩባንያ ሥራ ወደ በርሊን ተዛወረ። ኑሮው የተደላደለ፣ አለቃው የሚያከብረው፣ ሙያውም የተመሰገነ ነበር። ይሁን እንጂ ተቀጣሪ ሆኖ በቅዝቃዜ ሥራ ላይ የሚያገኘውን አዲስ ፈጠራ ለራሱ ሊጠቀምበት አይችልም ነበር። የልቡ ሐሳብም ከበረዶ ጋር ግንኙነት አልነበረውም።

ዲዝል በ1892 ዓ.ም. ለሐሳቡ የፈጠራ መብት ጠየቀ፤ በ1893 ዓ.ም. ተፈቀደለት። በዚያው ዓመት ሐሳቡን በመጽሐፍ አሳተመ። የአውግስቡርጉ ቡትስ በመጀመሪያ እምቢ ካለ በኋላ ዲዝል ሐሳቡን ሲያሻሽልለት ሙከራውን ለማድረግ ተስማማ፤ ክሩፕ የተባለው ታላቅ የብረት ፋብሪካም ገባበትና በዓመት 30,000 ማርክ ሊከፍለው ተዋዋለ። ዲዝል ከሊንደ ኩባንያ የወጣው በዚህ ጊዜ ነው። እንግዲህ እርሱም ቢሆን ባዶ እጁን አልወጣም። ነገር ግን በመምህሩና በእርሱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። መምህሩ ሲወጣ በእጁ የነበረው የሚሠራ መሣሪያ ነው፤ ተማሪው ሲወጣ በእጁ የነበረው ወረቀት ነው።

ወረቀቱም ስሕተት ነበረበት። ዲዝል ያሰበው ዐየርን እስከ 250 አትሞስፌር ድረስ ጨምቆ፣ ነዳጁን ቀስ በቀስ በማስገባት የሙቀቱ መጠን ሳይጨምር እንዲቃጠል ለማድረግ ነበር። ነገር ግን ዐየሩን እስከዚያ ድረስ ለመጨመቅ የሚወጣው ጉልበት እጅግ ብዙ፣ ሞተሩ ከዚያ አትርፎ የሚሰጠው ደግሞ እጅግ ጥቂት ነው፤ ያም ጥቂት በፍትጊያ ያልቃል። በመጽሐፉ ላይ ያስቀመጠው ሞተር እንደ ተጻፈው ቢሠራ ራሱን እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር። ዲዝል ይህን የተረዳው መጽሐፉ ከታተመ፣ ደመወዙም ከተተወ በኋላ ነው።

የታሪኩ ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። በቢሮ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ስሕተቱ በመጽሐፍ ውስጥ ተኝቶ በቀረ ነበር። በፋብሪካው ወለል ላይ ስለቆመ ግን መሣሪያው ራሱ አስተማሪ ሆነው። ነሐሴ 1893 ዓ.ም. ላይ በተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ ነዳጁ በተቀጣጠለ ጊዜ ግፊቱ ከሰማኒያ አትሞስፌር በላይ ወጥቶ የግፊት መለኪያውን ሰባበረው። ሞተሩ ገና በራሱ አልዞረም፤ ነገር ግን ዐየር በመጨመቅ ብቻ ነዳጅ እንደሚቀጣጠል ታወቀ። በየካቲት 1894 ዓ.ም. ሞተሩ ለአንድ ደቂቃ ያህል በራሱ ጉልበት ዞረ። አንድ ደቂቃ! ከዚያ በኋላ ነዳጁ በሲሊንደሩ ውስጥ እንዴት እንደሚረጭ፣ ፒስተኑ ግፊቱን እንዴት እንደሚይዝ እየተፈተነ ሦስት ዓመት አለፈ። በየካቲት 1897 ዓ.ም. ፕሮፌሰር ሞሪትዝ ሽሮተር በይፋ ሲለካው ሞተሩ ከነዳጁ ሙቀት ከመቶ 26 እጅ በላይ ወደ ሥራ ለወጠ። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ዲዝልና ሽሮተር ውጤቱን በካሰል ከተማ በጀርመን መሐንዲሶች ማኅበር ስብሰባ ላይ አቀረቡ። ዛሬ ያ ሞተር በሙኒክ በጀርመን ቤተ መዘክር ይገኛል።

ስለዚህ ከሥራ መውጣት አንድን ሰው ያሳድጋል ሲባል ነጻነትን ወይም ሀብትን ያመጣል ማለት አይደለም። ደመወዝ የሸፈነውን ስሕተት ያጋልጣል፤ ስሕተቱንም ባለቤቱ ራሱ እንዲያርመው ያስገድዳል ማለት ነው። ዲዝል በአራት ዓመት የተማረው ትምህርት በአሥር ዓመት ኃላፊነት ካገኘው ይበልጣል።

ይሁን እንጂ የታሪኩን ሁለተኛ ግማሽ ደብቆ የመጀመሪያውን ብቻ መናገር ማታለል ይሆናል። ከ1897 ዓ.ም. በኋላ ገንዘብ እንደ ጎርፍ መጣ። የአሜሪካን መብት ብቻ በአንድ ሚሊዮን ማርክ ሸጠ፤ በ1898 ዓ.ም. የቀሩትን መብቶች የሚይዝ ኩባንያ በ3.5 ሚሊዮን ማርክ ተቋቋመ። ነገር ግን ለገዢዎች የተላኩት የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ገና ያልበሰሉ ነበሩና ብልሽታቸው በዛ፤ አቤቱታ ተከታተለ። በሥራ ብዛትና በክርክር የተዳከመው ሰው ጤናውን አጥቶ ሆስፒታል ገባ። በሙኒክ ታላቅ ቤት ሠራ፤ መሬት ገዝቶ ከሰረ። ሐሳቡን በሥራ ላይ መለወጡንም በጊዜው በግልጽ ባለመናገሩ፣ ይህ ሞተር የመጽሐፉ ሞተር አይደለም የሚሉ ተቺዎች እስከ መጨረሻው አሳደዱት። መስከረም 29 ቀን 1913 ዓ.ም. ከአንትወርፕ ወደ እንግሊዝ ሲሻገር ከመርከብ ላይ ጠፋ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ አስከሬኑ በባሕር ላይ ተገኘ። የሞቱ ምክንያት እስከ ዛሬ ያከራክራል። ቤተሰቡ ግን ከባድ ዕዳ ላይ እንደ ወደቀ ታወቀ። ከአንድ ዓመት በፊት ሴላንድያ የተባለችው የዴንማርክ መርከብ በእርሱ ሞተር ውቅያኖስ ተሻግራ ነበር። ሞተሩ ዓለምን ሲዞር ባለቤቱ መሬት ላይ መቆም አቃተው።

መምህሩስ? ሊንደ ኩባንያውን አሥር ዓመት ያህል ከመራ በኋላ የዕለት ተዕለቱን ሥራ ለሌሎች አስረክቦ ወደ ሙኒክና ወደ ምርምሩ ተመለሰ። በ1895 ዓ.ም. ዐየርን ራሱን በብዛት ወደ ፈሳሽነት ለመለወጥ በቃ። በ1934 ዓ.ም. በዘጠና ሁለት ዓመቱ ዐረፈ። መውጣትን ብቻ ሳይሆን መመለስንም ያወቀ ሰው ነበር።

ክቡራን አድማጮች፤

ከሁለቱ ሕይወት ምን ይወሰዳል? ሊንደ ብልኅ፣ ዲዝል ሞኝ ነው ብሎ መደምደም አይገባም። ሥራው በባሕርዩ በትርፍ ሰዓት የማይፈጸም ስለ ነበረ ዲዝል ባይወጣ ሞተሩ በእርሱ እጅ አይሠራም ነበር። አባቶች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። ጥያቄው ስለ መሮጥ ሳይሆን ስለ አስተጣጠቅ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ በደመወዝ ላይ እያሉ ሊፈተን የሚችለውን ነገር ሁሉ መፈተን ያስፈልጋል። ከቢሮ ወጥቶ አማካሪ ድርጅት ለመክፈት ወይም ሥራ ተቋራጭ ለመሆን የሚያስብ መሐንዲስ፣ አንድ ሥራ እንኳ ከጨረታው እስከ ርክክቡ ድረስ በራሱ ሒሳብ ተከታትሎ የማያውቅ ከሆነ፣ የያዘው መሣሪያ ሳይሆን ወረቀት መሆኑን ይወቅ። ወረቀት ይዞ መውጣት አልተከለከለም፤ ነገር ግን ወረቀቱን እንደ መሣሪያ መቁጠር አደጋ ነው።

ከዚያም ስሕተትን በጊዜው፣ በግልጽና በባልደረቦች ፊት ማመን ይገባል። ዲዝል ሞተሩን ከማረሙ ጋር ቃሉንም አርሞ ቢሆን ኖሮ ተቺዎቹ የሚይዙት ነገር ባነሳቸው ነበር። የሙያ ማኅበርም አንዱ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ብቻውን የቆመ ባለሙያ ስሕተቱን የሚነግርበት፣ ምክርም የሚሰማበት ቦታ ነውና።

በመጨረሻም የሥራውን ሒሳብ ከቤት ሒሳብ መለየት ያስፈልጋል። የሚወጣው ሰው ዕውቀቱን፣ ጊዜውን፣ የራሱንም ስም ለአደጋ ማቅረብ መብቱ ነው። የእናቱን መጦሪያና የልጁን የትምህርት ገንዘብ ግን ለአደጋ ለማቅረብ ሳይጠይቃቸው ሥልጣን የለውም። ከመውጣቱ በፊት ከባለቤቱና ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ፣ ስንት ወር ያለ ደመወዝ ለመቆየት እንደሚቻል፣ ነገሩ ባይሳካ በየትኛው ቀን ወደ ቅጥር እንደሚመለስ ተነጋግሮ መጻፍ አለበት። መመለስም እንደ ውርደት ሊታይ አይገባም። ሊንደ ወደ ሰሌዳው ተመልሶ ነው ዐየርን ፈሳሽ ያደረገው።

በቋሚ ሥራው የሚቆየው ባልደረባም ሊነቀፍ አይገባውም፤ ድልድዩና የውሃ መሥመሩ በየቀኑ ሳይቋረጥ የሚጠበቀው በእርሱ ነው። ነገር ግን ልቡ የሚጠይቀውን ጥያቄ ደመወዝ ብቻ አፍኖ ያስቀረው ባለሙያ ካለ፣ ዛሬ ማታ ቤቱ ገብቶ እንደ ማናቸውም ግንባታ ስሌቱን ይጀምር። ሸክሙ ስንት ነው? ምሰሶው ምን ያህል ይችላል? ለጥንቃቄ የሚተወው ትርፍ አቅም ስንት ነው? መሐንዲስ ለሌላው ሰው ቤት ይህን ሳያሰላ መሠረት አይቆፍርም፤ ለራሱም ሕይወት ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ፣ ከዚህም ያነሰ ድፍረት አይገባውም።